ሰውን በድኅረ ኢምፕሬሽኒስት ስልት በዘይት ቀለም እንዴት መሣል ይቻላል?

ኢምፕሬሽኒዝምን፣ ማለትም ቅጽበታዊ ብርሃንን የሚያሳድደውን አሣሣል፣ ተከትሎ በመጣው በዚህ ስልት ፊት አረንጓዴ፣ ጥላ ወይን ጠጅ ሊሆን ይችላል፤ የብርሃንና የጥላው ልክ ከተሳተ ግን የትኛውም ቀለም አያድነውም። ስሙን ያወጣው እንግሊዛዊው ሃያሲ ሮጀር ፍራይ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1910 ለንደን ላይ ላዘጋጀው ዐውደ ርዕይ ነበር። በስሙ ሥር የተሰበሰቡት ሠዓሊዎች አሳሳላቸው ለየቅል ነው፦ ሴዛን አካልን በትንንሽ የቀለም ገጾች እንደ ግንብ ይክባል፤ ቫን ጎ በብሩሽ ይጽፋል ማለት ይቻላል፤ ጎጋን ሰፊ ቀለምን በጠቆረ መስመር ያጥራል። አንዱን መሪ አድርገው ይያዙ። የሦስቱንም ጠባይ እኩል ለማስገባት የሞከረ ሥዕል ዝብርቅርቅ ይላል። የሚከተለው አሠራር ወደ ቫን ጎ ያደላል፤ ከጎጋን መስመሩን ብቻ ይበደራል።

ሸራው

ለአንድ የተቀመጠ ሰው 50 በ60 ሳ.ሜ. ይበቃል። ጄሶ (ሸራውን ለቀለም የሚያዘጋጅ ነጭ ቅብ) 2 ወይም 3 ጊዜ በስሱ ይቀቡ። ያለ ጄሶ ዘይቱ ክሩ ውስጥ ሰርጎ በዓመታት ውስጥ ጨርቁን ያደርቀዋል፣ ያሳሳዋል። ቀጥሎ ቢጫ ኦከርን (አፈርማ ቢጫ) በተርፔንታይን (የዘይት ቀለም ማቅጠኛ) አቅጥነው ሙሉውን ሸራ ያልብሱትና በጨርቅ ይጥረጉት። ነጭ ሸራ ላይ የተቀባ ቀለም ሁሉ ከሚገባው በላይ ጠቁሮ ይታያል፤ በብሩሽ ምቶች መካከል የሚቀረው ክፍተትም እንደ ጥርስ ያፈጣል። ኦከር ከሆነ ክፍተቱ ራሱ ብርሃን ይመስላል።

ቀለሞቹ

ቲታኒየም ነጭ፣ ካድሚየም ቢጫ፣ ቢጫ ኦከር፣ ካድሚየም ቀይ፣ ኩዊናክሪዶን ሮዝ፣ አልትራማሪን (ጥልቅ ሰማያዊ) እና ቪሪዲያን (ቀዝቃዛ አረንጓዴ)፤ ሰባት ናቸው። ጥቁር አያስፈልግም፤ ቪሪዲያንና ኩዊናክሪዶን ሮዝ ሲቀላቀሉ ከቱቦ ጥቁር የበለጠ ሕይወት ያለው ጥቁረት ይሰጣሉ። ቱቦው ላይ ብርሃን የመቋቋም ደረጃው መጻፉን ይመልከቱ። ቫን ጎ እ.ኤ.አ. በ1888 የሣለው የመኝታ ክፍል ግድግዳ ዛሬ ሰማያዊ የሆነው፣ ወይን ጠጁ ውስጥ የነበረው ቀይ ስለደበዘዘ ነው።

ንድፍና የመጀመሪያው ልባስ

በ8 በ10 ሳ.ሜ. ወረቀት ላይ፣ ዓይንዎን ጠበብ አድርገው እያዩ፣ በከሰል ሦስት ደረጃ ብቻ ይለዩ፦ ብርሃን፣ መካከለኛ፣ ጥላ። ይህንን በቀጠነ አልትራማሪን ወደ ሸራው ያዙሩት፤ ከሰል ቢጫውን ያደፈርሳል። ዓይኖች የሚያርፉት በጭንቅላቱ ቁመት መካከል ነው፤ ብዙ ሰው ወደ ላይ ይሰቅላቸዋል። ጣቶችን ለጊዜው ይርሱ፣ እጅን እንደ አንድ ቅርጽ ይያዙት። ከዚያ በተርፔንታይን በቀጠነ ቀለም ሸራውን በአንድ ቀን ይሸፍኑና በስልክ ፎቶ አንሥተው ወደ ጥቁርና ነጭ ይቀይሩት። ፊቱ ከጀርባው ካልተለየ አሁኑኑ ያስተካክሉ፤ ወፍራም ቀለም ከተጫነበት በኋላ ያስቸግራል።

ፊቱ

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። ብሩሽ ከማንሣትዎ በፊት አራት ክምር ቀላቅለው ይጨርሱ። ለቡናማ ቆዳ መነሻው 2 እጅ ኦከር፣ 1 እጅ ካድሚየም ቀይና ጥቂት አልትራማሪን ነው፤ ቆዳው ፈካ ካለ ነጭ ይጨምሩ። ለጥላው ኩዊናክሪዶን ሮዝ ከቪሪዲያን ጋር፣ ከአገጭ ሥር ለሚመለሰው ብርሃን ኦከር ከቪሪዲያን ጋር፣ ግንባርና የጉንጭ አጥንት ላይ ለሚያበራው ደግሞ ነጭ በብሩሽ ጫፍ ብቻ ከተነካ አልትራማሪን ጋር። ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ የሚያርፈው የመስኮት ብርሃን ቀዝቃዛ ነው፤ በቢጫ ከሣሉት ላብ ይመስላል።

በ8 ቁጥር ጠፍጣፋ የአሳማ ጠጉር ብሩሽ ቀለሙን ደህና አድርገው ይጫኑ፤ አንዴ ያሳርፉና ያንሡ። ምቱ ቅርጹን ይከተል፦ ግንባር ላይ እንደ ቅስት፣ ከጉንጭ አጥንት ወደ አፍ በሰያፍ፣ አፍንጫ ላይ ከላይ ወደ ታች። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ከሄደ ፊቱ ግድግዳ ይሆናል። በእርጥብ ምት ላይ መልሶ ማሻሸት ቀለሙን ያደፈርሳል፤ ከደፈረሰም አይደርቡበት፣ በሥዕል ቢላ ገፈው እንደገና ያሳርፉ። በየሦስትና አራት ምቱ ብሩሹን ይጥረጉ።

ጀርባና መስመር

ብርቱካናማ ቡናማ ፊት ከሰማያዊ አረንጓዴ ጀርባ ላይ ይጎላል፤ ሁለቱ እኩል ከደመቁ ግን ዓይን ማረፊያ ያጣል፣ ስለዚህ ጀርባውን ያደብዝዙት። በመጨረሻ አልትራማሪንና ኩዊናክሪዶን ሮዝ ቀላቅለው በጥላው በኩል መስመር ያስምሩ፤ በብርሃኑ በኩል ይቆራርጡት። ሳይቋረጥ የዞረ መስመር ሰውየውን ተቆርጦ የተለጠፈ ያስመስለዋል።

መድረቅ

ታችኛው ልባስ በተርፔንታይን የቀጠነ፣ ላይኛው ጥቂት ጠብታ የተልባ ዘይት ያለበት ይሁን። ከተገላበጠ ላይኛው ቀድሞ ይደርቅና ሥሩ ሲንቀሳቀስ ይሰነጠቃል። ስስ ልባስ በቀናት፣ ወፍራሙ በወራት ይደርቃል፤ ለቫርኒሽ (በመጨረሻ ለሚቀባው መከላከያ) ከ6 እስከ 12 ወር ይጠብቁ። የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተከመረ በራሱ ሙቀት ሊቀጣጠል ይችላል፤ ውኃ ነክረው ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ውስጥ ያስቀምጡት።