የወር ደመወዝን በሳምንት ከፍሎ የመጠቀም ልማድ

ደመወዝ በወር ይከፈላል፤ የቤት ወጪ ግን በወር አይወጣም። አስቤዛ ቅዳሜ ይገዛል፣ የታክሲ በየዕለቱ ይከፈላል፣ የሞባይል ጥቅልም ብዙ ጊዜ በሳምንት ይሞላል። «ከዚህ ወር ጀምሮ እቆጥባለሁ» የሚለው ውሳኔ ብዙ ጊዜ ከሁለተኛው ሳምንት የማያልፈው፣ ሠላሳ ቀን በአንድ ጊዜ ለመቆጣጠር ስለሚረዝም ይመስለኛል። ስለዚህ ከዚህ በታች የቀረቡትን እርምጃዎች በየሳምንቱ አንድ አንድ እየጨመሩ ቢሄዱ ይሻላል፤ ሁሉንም ባንዴ መጀመር አይመከርም።

በመጀመሪያው ሳምንት ምንም ወጪ አይቀንሱ፤ የሚወጣውን ብቻ ይመዝግቡ። በቴሌብር ወይም በባንክ በኩል የተከፈለው በአጭር መልእክት ስለሚደርስዎ መዝገቡ ተዘጋጅቶ ይጠብቅዎታል። የሚያመልጠው በእጅ የተከፈለው ነው፤ ለታክሲ፣ ለማኪያቶ፣ ለጉልት የወጣውን እዚያው በቆሙበት ስልክዎ ላይ ካልጻፉት ማታ አይታወስም። እሑድ ማታ ከባለቤትዎ ጋር ተቀምጣችሁ ደምሩት። በዚህ ጊዜ «ይህ ደግሞ ለምን ተገዛ?» የሚል ምርመራ ከተጀመረ ግን በሚቀጥለው ሳምንት የሚመዘገበው ግማሹ ብቻ እንደሚሆን ይወቁ።

ሁለተኛው እርምጃ ማካፈል ነው። ለምሳሌ እጅ የሚገባው ደመወዝ 14,000 ብር ቢሆን፣ ከዚህም ለቤት ኪራይ 5,000፣ ለልጅ ትምህርት ቤት 1,200፣ ለመብራትና ለውሃ 700፣ ለእድር 100 ብር ቢወጣ፣ ለቀሪው ኑሮ 7,000 ብር ይተርፋል። ብዙ ሰው ይህን ለአራት ያካፍልና በሳምንት 1,750 ብር ይመድባል። ወር ግን አራት ሳምንት ከሁለት ቀን ነው፤ በእነዚያ በተረሱ ሁለት ቀናት ከጎረቤት ወይም ከሱቅ የተወሰደው ብድር ከሚቀጥለው ደመወዝ ላይ ይቀነሳል፣ የሚቀጥለውም ወር ገና ሳይጀመር ይጎድላል። ለእያንዳንዱ ሳምንት 1,600 ብር ቢመደብ ግን 600 ብር ይቀራል፤ ይህም ለሁለቱ ቀናት በቂ ሲሆን ደመወዝ አንድ ቀን ቢዘገይም ያሻግራል። የሳምንቱን ድርሻ ከዋናው ሒሳብ ለይቶ በቴሌብር ወይም በፖስታ ማስቀመጥ ይጠቅማል፤ የቀረው በግልጽ ካልታየ መመደቡ ብቻውን ፋይዳ የለውም።

ሦስተኛው ሳምንት የዱቤ ነው። የሰፈር ሱቅ ዱቤ ክፋቱ ዋጋ ሳይጠየቅበት መገዛቱ ላይ ነው፤ ልጅ ተልኮ «እማዬ አስመዝግብ ብላለች» ብሎ ይዞ የመጣውን ዘይት ስንት እንደተጻፈበት የሚያውቀው ባለሱቁ ብቻ ነው። የቆየውን ዕዳ በአንድ ጊዜ ለመዝጋት አይጣደፉ፤ ኪስ ባዶ ስለሚሆን በማግስቱ ወደ ደብተሩ ይመለሳሉ። ከዚያ ይልቅ አዲሱን ሁሉ በእጅ እየገዙ ለአሮጌው በየሳምንቱ የተወሰነ፣ ለምሳሌ 200 ብር፣ ይክፈሉ፤ ሲከፍሉም ከደብተሩ ላይ ሲሰረዝ ይመልከቱ። በስልክ የሚገኘው ብድርም ያው ዱቤ ነው። ሒሳብ ሳይበቃ ክፍያ እንዲፈጸም የሚያስችለው የቴሌብር «እንደኪሴ» ለቸገረ ቀን መልካም ቢሆንም፣ አገልግሎቱ ክፍያ ያለው በመሆኑ በየሳምንቱ የሚጠቀሙበት ከሆነ የሳምንቱ ድርሻ በትክክል አልተመደበም ማለት ነው።

ቁጠባ አራተኛ መምጣቱ ሆን ተብሎ ነው። በየሳምንቱ ሰኞ፣ ገበያ ከመወጣቱ በፊት፣ 50 ወይም 100 ብር ወደ ቁጠባ ሒሳብ ያስገቡ። በዚህ ገንዘብ ሀብት ይፈጠራል ብዬ አላታልልዎትም። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ካሳደገው በኋላ በተከታዮቹ ዓመታት የዋጋ ንረቱ ከዚያ በላይ ሲሄድ ቆይቷል። የዚህ ቁጠባ ሥራ ልጅ ሲታመም ወይም ምድጃ ሲቃጠል ከዱቤ መከላከል ነው። እቁብ የሚጥሉ ሰዎችም ዋጋ በሚንርበት ጊዜ ዕጣው ቀድሞ ቢደርሳቸው ይሻላል፤ ቀድሞ የሚወስድ ሰው ዋስ ስለሚጠየቅ ዋሱን አስቀድሞ ማነጋገር ያስፈልጋል።

እነዚህ አራቱ ከተለመዱ በኋላ ዓመቱን መመልከት ይቻላል። 55 ቀን በሚዘልቀው በዐቢይ ጾም በሚጾም ቤት የሥጋ፣ የቅቤና የእንቁላል ወጪ ይቀራል፤ ዘይትና ሽሮ ከፍ ማለታቸውን ቀንሰው ልዩነቱን በየቅዳሜው ለፋሲካ ያስቀምጡ። በረመዳን ደግሞ የአፍጥር ወጪ ስለሚበዛ ማስቀመጥ የሚገባው ከጾሙ በፊት ባሉት ሳምንታት ነው።

ከሁሉ የከበደችው ግን ጳጉሜን ናት። በኢትዮጵያ ወር ለሚከፈለው ሠራተኛ ከነሐሴ ደመወዝ እስከ መስከረም ደመወዝ ያለው ጊዜ 35፣ ጳጉሜን ስድስት በምትሆንበት ዓመትም 36 ቀን ነው። የቤት ኪራይ በወር ስለሚታሰብ ጳጉሜንን ይዘላታል፣ ሆድ ግን አይዘላትም። ከላይ ባለው ምሳሌ ለአምስት ሳምንት 1,600 ብር ለመመደብ 8,000 ብር ያስፈልጋል፤ ያለው 7,000 ነው። የጎደለውን 1,000 ብር ከመጋቢት ጀምሮ በሳምንት 40 ብር በማስቀመጥ በ25 ሳምንት ማሟላት ይቻላል። ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል፣ ለደብተርና ለደንብ ልብስ የሚያስፈልገው ግን ለብቻው ተሰልቶ በተለየ ፖስታ ይቀመጥ፤ ከጳጉሜኑ ጋር ከተቀላቀለ በጉ ሁሉንም ይበላዋል።