ማሞቂያው በርቶ ወዲያው ከጠፋ መጀመሪያ ይህችን ዘንግ አጽዱ

የጋዝ ማሞቂያችሁ (ፈርነስ) እሳቱ በደንብ ከተያያዘ በኋላ ከ3 እስከ 10 ሰከንድ ቆይቶ ድርግም ይላል? ደጋግሞ ሞክሮ ጭራሽ ይቆማል? ቦርዱን (የማሞቂያውን ኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ) ወይም የጋዝ ቫልቩን ለመቀየር አትቸኩሉ። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛዋ የነበልባል ሴንሰር ናት፤ ጫፏ እሳቱ ውስጥ የሚገባ፣ ከእርሳስ የቀጠነች የብረት ዘንግ።

ኤሌክትሪኩን ከብሬከሩ፣ ጋዙንም ከመዝጊያው ዝጉ። ዘንጓ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ብሎን ታስራ፣ አንድ ሽቦ ብቻ ተሰክቶባት ታገኟታላችሁ። ሽቦውን ነቅላችሁ፣ ብሎኑን ፈታችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቧት። ብረቷን በደቃቅ የሽቦ መፈግፈጊያ እስክታበራ ፈግፍጓት፣ በደረቅ ንጹሕ ጨርቅ ጠርጋችሁ መልሷት። ሻካራ ብርጭቆ ወረቀት ይቅርባችሁ፤ ጭረቱ ውስጥ ቆሻሻ ቶሎ ይጋግራል። እግረ መንገዳችሁን ማቀጣጠያውን በጣት እንዳትነኩት፣ ሲበዛ ተሰባሪ ነው።

ቦርዱ እሳት መኖሩን የሚያውቀው በነበልባሉ ውስጥ በሚያልፍ ጥቂት ማይክሮ አምፔር ኤሌክትሪክ ነው። ዘንጓ ላይ የጋገረው ስስ ሽፋን ይህን ስለሚከለክል፣ እሳቱ እየነደደ ቦርዱ «እሳት የለም» ብሎ ጋዙን ይዘጋል።

የዘንጓ ነጭ ሴራሚክ ከተሰነጠቀ ማጽዳቱ ከንቱ ድካም ነው፣ ትቀየር። እሳቱ ከነጭራሹ የማይለኮስ ከሆነም ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። የጋዝ ሽታ ካለ ግን ምንም አትነካኩ፤ መብራት እንኳ ሳታበሩ ከቤት ውጡና ከውጭ ሆናችሁ ለባለሙያ ደውሉ።