ያገለገለ የናፍጣ ፒካፕ ስትገዙ የዘይት ክዳኑን ክፈቱ

ለጭነት ሥራ ናፍጣ ከቤንዚን ይመረጣል፤ በዝቅተኛ የሞተር ዙር ጥሩ ጉልበት አለው። ግን ሞተሩ ያለቀ ከሆነ እድሳቱ ኪስ ያራቁታል።

ሞተሩ ሞቆ፣ ነዳጅ ሳትረግጡ እየሠራ ሳለ የዘይት መሙያውን ክዳን ፍቱና ገልብጣችሁ ቀዳዳው ላይ ጣል አድርጉት። ትንሽ ቢንቀጠቀጥ ግድ የለም። ጭስ ቱፍ ቱፍ እያለ ክዳኑን ከገፋው ግን የፒስተን ሪንጉ (ፒስተኑን ዙሪያውን የሚያሽገው ቀለበት) ወይም ፒስተኑ የሚመላለስበት ሲሊንደር ሳይበላ አልቀረም፤ የታመቀው አየር በጎን ሾልኮ ወደ ዘይቱ ቤት እየገባ ነው። ያኔ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀውን አየር ግፊት) ሳታስለኩ ቀብድ አትክፈሉ።

አንዳንድ ሞተር ዘይት ይረጫል፤ ፊታችሁን ራቅ አድርጉ። (ሻጩም ክዳኑን ላለማስከፈት ይህችን ሰበብ ይወዳታል።) በቤንዚን ሞተር ላይ ግን በዚህ አትፍረዱ፤ ብዙ ጊዜ ክዳኑን ወደ ውስጥ ይስበዋል።