ኮንፈረንስ ሊግ አይደለም፦ የኮሌጅ ፉትቦል ደጋፊ ሲሆኑ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በኖቬምበር የመጨረሻ ሳምንት በኮለምበስ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ግቢ የሚያልፍ ሰው፣ ምልክቶቹና ሕንፃዎቹ ላይ «ኤም» የምትባለዋ ፊደል በቀይ ፕላስተር ተሰርዛ ያያል። በዩኒቨርሲቲዎች የአሜሪካን ፉትቦል ውድድር የቅዳሜው ተጋጣሚ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ስለሆነ ነው። በዚህ ከተማ ሐበሻው ብዙ ነው። ልጆቻችን በዚህ ፉክክር ውስጥ አደጉ፤ እኛ ወላጆች ግን ከቡናና ከጊዮርጊስ፣ ከአርሰናልና ከማንቸስተር ይዘነው የመጣነውን አመለካከት ሳንቀይር ልናወራ እንገባለን። እኔም ብዙ ጊዜ ተሳስቻለሁ፤ የተማርኩትን ልንገራችሁ።

ትልቁ ስህተት ኮንፈረንስን እንደ ፕሪሚየር ሊግ ማየት ነው። ኮንፈረንስ እርስ በርስ ለመጫወትና የቴሌቪዥን ገንዘብ ለመካፈል የተስማሙ ዩኒቨርሲቲዎች ስብስብ ነው። ወራጅ የለም፤ ከታች የሚያድግም የለም። ስሙም አይምራዎት፦ ኦሃዮ ስቴትና ሚሺጋን ያሉበት፣ በ1896 የተመሠረተው ቢግ ቴን «አሥር» ይባል እንጂ ከ2024 ጀምሮ 18 አባላት አሉት። የአትላንቲክ ዳርቻ የሚባለው ኤሲሲ ደግሞ በፓሲፊክ በኩል ያሉትን ስታንፎርድንና የበርክሊውን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲን አስገብቷል። የምዕራቡ ኮንፈረንስ ፓክ 12 በዚያው ዓመት ሁለት ቡድን ብቻ ይዞ ቀረ፤ ኦሪገን ስቴትና ዋሽንግተን ስቴት። የእነዚያን ደጋፊዎች ሐዘን ሳስብ አሁንም ያመኛል። ለመቶ ዓመት የለመዱት ተጋጣሚ ሁሉ ለገንዘብ ብሎ ጥሏቸው ሄደ።

ከዚህ የሚከተል ሌላ ነገር አለ። በቢግ ቴን አንድ ቡድን ከ17ቱ ባልደረቦቹ የሚገጥመው 9ኙን ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለት ቡድኖች ሳይገናኙ ሁለቱም ሳይሸነፉ ሊጨርሱ ይችላሉ። የደቡብ ዩኒቨርሲቲዎች ኮንፈረንስ የሆነው ኤስኢሲ ለዓመታት 8 ጨዋታ ብቻ ያደርግ ስለነበር «እኛ ዘጠኝ፣ እናንተ ስምንት» የሚለው ክርክር በየቅዳሜው ይነሳ ነበር። ይህን ሳያውቁ ነጥብ ቆጥረው «እነዚህ ይበልጣሉ» ካሉ ማንም አይሰማዎትም።

ሁለተኛው፣ የደቡቦቹን «ኤስ፣ ኢ፣ ሲ!» የሚል ጩኸት ባዶ ጉራ አድርጎ መናቅ ነው። የአርሰናል ደጋፊ ማንቸስተር አውሮፓ ላይ ሲያሸንፍ ስለ እንግሊዝ ክብር ሲዘምር አላየሁም፤ እነሱ ግን የጎረቤታቸውን ድል እንደ ራሳቸው ይቆጥራሉ። ለምን? ኤስኢሲ ከ2006 እስከ 2012 የውድድር ዘመን ሰባት ተከታታይ ዋንጫ ወሰደ፤ ፍሎሪዳ፣ ኤልኤስዩ (ሉዊዚያና ስቴት)፣ አላባማና ኦበርን ተቀባብለው። በጃንዋሪ 2012 ፍጻሜውን የተጫወቱት ሁለቱም የእነሱ ነበሩ፤ አላባማ ኤልኤስዩን 21 ለ 0 አሸነፈ። የሌላው አካባቢ ደጋፊ ተናደደ፤ የደቡቡ ሰው ግን ደረቱን ነፋ።

ከኩራቱ ሥር ደግሞ ጥቅም አለ። ለዋንጫ የሚጋጠሙትን የሚመርጥ ኮሚቴ ነው፤ ጎረቤትዎ ጠንካራ ከሆነ በእሱ መሸነፍዎ ያን ያህል አይጎዳዎትም። በ2023 ፍሎሪዳ ስቴት 13 ተጫውቶ 13ቱንም አሸንፎ፣ የኤሲሲ ሻምፒዮን ሆኖ፣ ከአራቱ ተመራጮች ውጭ ተደረገ። አንዴ የተሸነፈው የኤስኢሲ ሻምፒዮን አላባማ ገባ። ኮሚቴው የፍሎሪዳ ስቴት ቁልፍ ተጫዋች መጎዳቱን ምክንያት አደረገ። እኔ ዛሬም ያልተሸነፈ ቡድን መቅረቱን ልቀበለው አልቻልኩም። በቀጣዩ ዓመት ተመራጮቹ 12 ሆኑ፤ ክርክሩ ግን ወደ አሥራ ሁለተኛው ቦታ ወረደ እንጂ አልቆመም።

ሦስተኛውን ስህተት የሠራሁት ራሴ ነኝ። ዲሴምበር 31 ቀን 2022 ኦሃዮ ስቴትና የኤስኢሲው ጆርጂያ አትላንታ ላይ ለፍጻሜ ለመድረስ ይጫወቱ ነበር። የአክስቴ ልጅ አትላንታ ነው የምትኖረው፤ ቤተሰቧ በሙሉ የጆርጂያ ደጋፊ ነው። ሦስተኛው ሩብ ሲያልቅ 38 ለ 24 መርተን ስለነበር ደወልኩላትና አፌን ሞልቼ «የኤስኢሲ ጊዜ አለፈ፣ አሁን ተራው የቢግ ቴን ነው» አልኳት።

«አንተ ልጅ» አለችኝ፣ «አመሻሹ ላይ ሚሺጋን ሲሸነፍ እልል ያልከው ማን ነበር? እሱስ ቢግ ቴን አይደለም?»

መልስ አልነበረኝም። ሚሺጋን በዚያው ቀን በቴክሳሱ ቲሲዩ 51 ለ 45 ተሸንፎ ነበር፤ እኔም በደስታ ቤቱን አናውጬው ነበር። ጆርጂያ ተነስቶ 42 ለ 41 መራ፤ ልክ አዲሱ ዓመት ሊገባ ሲል የእኛ ልጅ ከ50 ያርድ የመታት፣ ብትገባ እናሸንፍባት የነበረችው ኳስ ወደ ግራ ወጣች። ስልኩ ሲጮህ አላነሳሁትም። ኮንፈረንስ የሚወደደው የራስ ቡድን ከተከበረ በኋላ ነው፤ የሚሺጋንን ውድቀት እየተመኙ ስለ ቢግ ቴን ክብር መከራከር አይቻልም።

የመለያ ቀለም ጉዳይ አጭር ነው፦ በሚሺጋን ጨዋታ ሳምንት ኮለምበስ ውስጥ የሚሺጋንን ቀለሞች፣ ሰማያዊና ቢጫ፣ አንድ ላይ አይልበሱ። የሥራ ባልደረባዬ ሳያውቅ ለብሶ መጥቶ ቀኑን ሙሉ ሲያስረዳ ዋለ።

ከሁሉ የከፋው ፉክክርን ጥላቻ ማድረግ ነው። የኦበርን ዩኒቨርሲቲ ባለባት ኦበርን ከተማ ደጋፊዎች ድልን የሚያከብሩት ቱመርስ ኮርነር በሚባለው መስቀለኛ መንገድ የነበሩትን አሮጌ የኦክ ዛፎች በመጸዳጃ ወረቀት በመጠቅለል ነበር። ከ2010ሩ የኦበርንና የአላባማ ግጥሚያ በኋላ አንድ የአላባማ ደጋፊ ዛፎቹን መርዞ በሬዲዮ ደውሎ ተናገረ። ታሰረ፤ ዛፎቹ ግን አልዳኑም፣ በ2013 ተቆረጡ። በ2024 ደግሞ ሚሺጋን እዚህ መጥቶ 13 ለ 10 ካሸነፈ በኋላ ባንዲራውን ሜዳችን መካከል ሊተክል ሲል ድብድብ ተነሳ፤ ፖሊስ ዓይን የሚያቃጥል ርጭት ተጠቀመ፣ ሁለቱም ዩኒቨርሲቲዎች እያንዳንዳቸው 100,000 ዶላር ተቀጡ። እነዚህ ልጆች አብዛኞቹ ከ18 እስከ 22 ዓመት ያሉ ተማሪዎች ናቸው። ያን የ50 ያርድ ኳስ ለሳተው ልጅ በማኅበራዊ ሚዲያ ስድብ የጻፈ ሰው የራሱ ልጅ በእሱ ቦታ እንዳለ ቢያስብ እጁ ይታቀብ ነበር።

የመጨረሻው የእኛው የሐበሾቹ ነው። ሠርግ፣ ክርስትና ወይም ማኅበር በሚሺጋን ጨዋታ ቅዳሜ አይጥሩ። ጨዋታው የሚጀምረው ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ነው፤ ጨዋታው እዚህ ሲሆን ስታዲየሙ ዙሪያ ከጠዋት ጀምሮ መኪና አያልፍም፣ ወጣቶቹም አይመጡም። የእኛ ማኅበር አንድ ዓመት እንጀራው ተደርድሮ ወጡ ቀዝቅዞ ከቀረ ወዲህ ቀኑ ወደ እሑድ ተዛውሯል።