የውሃ ተክልዎ በሳፋ ውስጥ ሲከሳ፦ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

በቅርቡ አንዲት ጀማሪ የሳፋዋን ፎቶ ላከችልኝ። ሦስት ቢጫ ቅጠሎች፣ አንድ ገና ያልተፈታ እምቡጥ፣ ከሥራቸው ደግሞ እንደ መስታወት የጠራ ውሃ። «ውሃው አረንጓዴ መሆን ሲጀምር ቶሎ እቀይርላታለሁ፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ። ታዲያ ምን አጠፋሁ?» ትላለች። መልሱ እዚያው ጥያቄዋ ውስጥ ነበር።

ውሃው አረንጓዴ ሆነ ብሎ መድፋት

ይህን ብዙ ጊዜ ተናግሬያለሁ፣ አሁንም እደግመዋለሁ። አትድፉት! አዲስ የተዘጋጀ ሳፋ ወይም በርሜል በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አረንጓዴ መሆኑ ያለ ነገር ነው። ቀለሙን የሚሰጡት አንድ በአንድ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ናቸው። የሚኖሩት በብርሃንና በውሃው ውስጥ በሟሟ ንጥረ ነገር ነው። ተክላችሁ ገና ሥር አልያዘም፣ ቅጠሉም ውሃውን አልሸፈነም። ስለዚህ ገበታው ሁሉ ለአልጌው ተዘርግቷል። ውሃውን ደፍታችሁ ከቧንቧ ስትሞሉ፣ አልጌው ሊጨርሰው የተቃረበውን ምግብ እንደ አዲስ አቀረባችሁለት ማለት ነው። ትንሽ ቆይቶ ውሃው ተመልሶ አረንጓዴ ይሆናል። እናንተም ትደፋላችሁ። በመሃል የሚጎዳው ተክሉ ነው። የውሃው ሙቀት በየጊዜው ይለዋወጥበታል፣ ሥሩ ይነቃነቃል፣ ለጋው ቅጠል በእጃችሁ ይሰበራል። ሥሩን ውሃ ውስጥ አንጠልጥሎ የሚኖር ተንሳፋፊ ተክል ደግሞ ምግቡን የሚያገኘው ከውሃው ነው። ለጥቃቅኑ አልጌ የሚበቃው የቧንቧ ውሃ ምግብ ለእሱ ስለማይበቃው እንዲያውም በረሃብ ይገረጣል።

መፍትሔው መጠበቅ ነው። ቅጠሎች ከውሃው ገጽ 60 በመቶ ያህሉን ሲሸፍኑ አልጌው ብርሃን ያጣል፣ ውሃውም ራሱ እየጠራ ይመጣል። እስከዚያ የተነነውን ብቻ ሙሉ። ዓሣ ካለበት የቧንቧውን ውሃ ክፍት ዕቃ ውስጥ ለአንድ ቀን አሳድሩት፤ ክሎሪኑ ይወጣል። ውሃችሁ በክሎራሚን (እንደ ክሎሪን በቀላሉ በማይተን መድኃኒት) የሚታከም ከሆነ ግን ማሳደር አይበቃም፣ ለዓሣ ተብሎ የተዘጋጀ ማጣሪያ ፈሳሽ ያስፈልጋል።

ውሃ የሚደፋው ሲሸት ነው። ሽታው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከአፈሩ ነው።

የአበባ ማሰሮ አፈር መጠቀም

የመጀመሪያዋን ዋተር ሊሊዬን፣ ማለትም ቅጠሏ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈውን የውሃ አበባ፣ የገደልኳት በዚህ ነው። ለቤት አበባ የሚሸጠውን ቀለል ያለ፣ ኮምፖስት የበዛበት አፈር ሞላሁላት። ለተክል ጥሩ ከሆነ ለእሷም ጥሩ ነው ብዬ ነበር። የአፈሩ ግማሽ በዚያው ቀን ተንሳፈፈ። በሁለተኛው ሳምንት አፈሩን በጣቴ ጫን ሳደርገው አረፋ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ወጣ፤ የገማ እንቁላል ይሸታል። ሥሩን ሳወጣው ጥቁር ነበር፤ ቆዳው በጣቶቼ መካከል ተሞሽልቆ ቀረ፣ ውስጡም እንደ ክር ሆኗል። በጣም አዘንኩ።

ውሃ ሥር አየር የለም። ኮምፖስትና ፍግ አየር በሌለበት ሲበሰብሱ መርዛማ ጋዝ ያወጣሉ፣ ሥሩንም ይዘውት ይሄዳሉ። የውሃ ተክል የሚፈልገው ከባድ፣ ጭቃው የሚይዝ አፈር ነው፤ ዋልካ ወይም ሸክላ የበዛበት። ፍግም ገለባም አይቀላቀልበት። ከላይ 2 ሴንቲሜትር ያህል የታጠበ ጠጠር አልብሱት።

አፈራችሁ አሁን እየሸተተ ከሆነ ዛሬውኑ አውጡት። ጥቁርና ልፍስፍስ ያለውን ሥር በንጹሕ ቢላ ቁረጡ፣ ነጩንና ጠንካራውን አስቀሩ፣ በአዲስ አፈር ትከሉት። አንድ ጤነኛ ቡቃያ ከቀረ ተስፋ አለው።

አናቱን መቅበር

ቡቃያው የሚወጣበት አናት ከአፈሩም ከጠጠሩም በላይ ብቅ ማለት አለበት። ከተቀበረ ይበሰብሳል። ሎተስ (ቅጠሉ ከውሃው በላይ የሚቆም የውሃ አበባ) ስትተክሉ ደግሞ የቡቃያውን ጫፍ እንደ እንቁላል ያዙት፤ ከተሰበረ ሥሩ በሙሉ ሊበላሽ ይችላል።

ትንሽ ተክል ገና በመጀመሪያው ቀን ጥልቅ ውስጥ መክተት

ገና ሁለት ቅጠል ያለው ተክል በርሜሉ ወለል ላይ ሲቀመጥ ብርሃን አይደርሰውም። ማሰሮውን ጡብ ላይ አቁሙት። ቅጠሎቹ ውሃው ላይ ተዘርግተው ስታዩ አንድ ጡብ ቀንሱ፣ ከዚያ ሌላውን። ለድንክ ዋተር ሊሊ ከአናቱ እስከ ውሃው ገጽ ከ15 እስከ 30 ሴንቲሜትር ይበቃል።

ቢጫ ቅጠል ባዩ ቁጥር ማዳበሪያ መበተን

መጀመሪያ የትኛው ቅጠል እንደሆነ እዩ። ከዳር ያለ አንድ ያረጀ ቅጠል ቢጫ ሆኖ መስመጥ ከጀመረ ዕድሜው አልቋል። ከነግንዱ ከሥሩ ቁረጡትና ተረጋጉ። አሮጌዎቹ ሁሉ ቢጫ ሆነው አዲሶቹ እያነሱ ከመጡ ተርቧል። አዲሱ ቅጠል ራሱ ቢጫ፣ ጅማቶቹ ግን አረንጓዴ ከሆኑ የብረት እጥረት ሊሆን ይችላል፤ ይህ ውሃው አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) ሲሆን ይከሰታል። አዲስ የሲሚንቶ ገንዳ ያላቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚቸገሩት በዚህ ነው፤ ሲሚንቶው ኖራ ይለቃል። ተክሉን ከመትከላችሁ በፊት ገንዳውን ለጥቂት ሳምንታት ውሃ እየሞላችሁ ድፉት።

መመገብ ካስፈለገ ለውሃ ተክል የተሠራውን እንክብል አፈሩ ውስጥ፣ ከሥሩ አጠገብ፣ በጣታችሁ ገፍታችሁ ቅበሩ። በዕድገት ወቅት በወር አንዴ። ውሃው ላይ የተበተነ ማዳበሪያ ለአልጌው ነው የሚደርሰው።

ዋተር ሊሊን ፏፏቴ ሥር ማስቀመጥ

የረጋ ውሃ ነው የምትወደው። ቅጠሏ ላይ ዘወትር ውሃ ሲረጭባት ትደክማለች። ፓምፑን አጥፉ ወይም እሷን አርቁ።

ፀሐይን አለማወቅ

«አላበበልኝም» የሚሉኝን ሰዎች መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ፀሐይ ነው። ዋተር ሊሊ ለማበብ በቀን 5 ወይም 6 ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ትፈልጋለች። በረንዳው ብሩህ መሆኑ አይበቃም፣ ጨረሩ ራሱ ቅጠሉን መንካት አለበት። በሌላ በኩል ትንሽ ጥቁር ባልዲ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ሲውል ውሃው ይፈላል ማለት ይቻላል። የሞቀ ውሃ ደግሞ የሚይዘው ኦክስጅን ያነሰ ነው። ቀትር ላይ እጃችሁን እስከ ክርን አስገብታችሁ ሞክሩ። እንደ መታጠቢያ ውሃ ከሞቃችሁ ሰፋ ያለና ነጣ ያለ ዕቃ ፈልጉ፣ ወይም የከሰዓቱን ፀሐይ ጋርዱ።

በተባይ መድኃኒት መሮጥ

ቅጠሉ ላይ ጥቃቅን ጥቁር ክሽክሾች ካያችሁ በውሃ ግፊት እጠቧቸው፣ ወይም ቅጠሉን ውሃ ውስጥ ለጥቂት ሰዓት አስጥሙት። መርዝ ከረጫችሁ የትንኝ እጭ የሚበሉላችሁን ዓሦች ትጨርሳላችሁ።

የበዛውን እምቦጭ ወንዝ ውስጥ መጣል

ይህ ሳፋችሁን አይጎዳም፣ ግን በጣም ያሳስበኛል። የእምቦጭ አበባ ያምራል፣ ቶሎም ይራባል። ብዙ ሰው አድርቆ መጣል ስለሚከብደው ቦይ ውስጥ ይለቀዋል። ቦዩ ወንዝ ይገባል፣ ወንዙ ሐይቅ። አንዲት ቁራጭ ብቻዋን መራባት ትችላለች። በአካባቢያችሁ ማሳደጉ የተከለከለ ከሆነ ጭራሽ አታስገቡት። ካላችሁም የተረፈውን ከውሃ ርቆ በደረቅ ወለል ላይ ዘርጉት፤ ሥሩ በጣት ሲታሽ እስኪፈረፈር ድረስ ፀሐይ ይምታው።