ለሪሴትልመንት (ስደተኛ ወደ ሦስተኛ አገር ተወስዶ ለሚሰፍርበት ፕሮግራም) ብር የከፈላችሁ፣ ልትከፍሉም ያሰባችሁ

ፎቶ ኮፒ ቤቴ ጎንደር ፒያሳ ነው። ሰው ፋይሉን በፌስታል ጠቅልሎ ይመጣል፣ ከመተማም ከዳባትም። ኮፒ እያደረግሁ ብዙ ወረቀት አያለሁ፤ የተበላ ብርም እንደዚያው።

ባለፈው ዳባት አጠገብ ካለው ከአለምዋጭ የስደተኞች መጠለያ አንድ ኤርትራዊ ልጅ መጣ። በእስክሪብቶ የተሞላች ደረሰኝ አውጥቶ «ጋሼ፣ ይቺን ሁለት ኮፒ» አለኝ። «ለካናዳ ፕሮሰስ ቅድመ ክፍያ» ትላለች። ማኅተሙን ጠጋ ብዬ ሳየው የመድኃኒት መደብር ማኅተም ነው! ብሩን የላከችለት እህቱ ናት።

የመጀመሪያው ስህተት ይሄው ነው፣ ለደላላ መክፈል። ምዝገባውም ኢንተርቪውም ነፃ ነው። ወጪውን የሚሸፍኑት ተቀባይ አገሮችና ለተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ድርጅት፣ ለዩኤንኤችሲአር፣ ገንዘብ የሚሰጡ መንግሥታት ናቸው። «ፋይልህን ከላይ አደርግልሃለሁ» ያለህ ሰው ፋይልህን አይቶትም አያውቅም። የአሜሪካው የአውሮፕላን ትኬት ግን ስጦታ አይደለም፤ በዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት (አይኦኤም) በኩል የሚሰጥ ወለድ የሌለው ብድር ነው። እሱም ቢሆን የሚከፈለው እዚያ ከተደረሰ በኋላ ነው እንጂ እዚህ ፒያሳ ካፌ ውስጥ አይደለም።

ሁለተኛው፣ ዩኤንኤችሲአር ከተቀበለኝ አለቀ ማለት። ዩኤንኤችሲአር ፋይል ያቀርባል፣ የሚወስነው ተቀባዩ መንግሥት ነው፤ የዚያ አገር ፖለቲካ ሲዞር ደግሞ በጀቱም ኮታውም አብሮ ይዞራል። በጥር 2025 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ፕሮግራሙን ስታቆም ትኬት የተቆረጠላቸው ሰዎች ሳይቀር በረራቸው ተሰረዘ። ቀደም ሲል 125,000 የነበረው፣ አሜሪካ በዓመት የምትቀበለው የስደተኛ ከፍተኛ ቁጥር ለ2026 በጀት ዓመት 7,500 ሆነ። ስለዚህ እባካችሁ፣ ኢንተርቪው አለፍኩ ብላችሁ ፍራሽና ምጣድ አትሽጡ። የሸጠች እናት አውቃለሁ፣ መልሳ በእጥፍ ነው የገዛችው።

ቤተሰብ ላይ መዋሸትም አለ። የእህትን ልጅ «ልጄ ነው» ብሎ ማስመዝገብ፣ ወይ አግብቶ «ላጤ ነኝ» ማለት። የዲኤንኤ ምርመራ ሊጠየቅ ይችላል፤ የዛሬ ሦስት ዓመት ያወራኸውንም ፋይሉ አይረሳም። ካገባችሁ ወይም ከወለዳችሁ ቶሎ አስመዝግቡ። አሁንም ብዙ ሰው «አራ» የሚለው የስደተኞችና ከስደት ተመላሾች አገልግሎት ለዚህ ነው ያለው።

ለኛ ለጎንደሬዎች ደግሞ፦ ከካርቱም በመተማ የተመለሰ ኢትዮጵያዊ ከስደት ተመላሽ እንጂ ስደተኛ አይደለም። አገር ውስጥ ከቀዬው የተፈናቀለም ስደተኛ አይደለም። በስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ስደተኛ ለመባል ከአገር ውጭ መሆን ግድ ነው። የተፈናቃይ እርዳታ በጀቱም መንገዱም ሌላ ስለሆነ የስደተኛ ፎርም ይዛችሁ አትንከራተቱ።

የመጨረሻው ስህተት የቤተሰብ ነው። ልጁ አሜሪካ ገባ፣ በቃ ዶላር ይዘንባል ይባላል። ከግንቦት 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአዲስ ገቢ ስደተኛ የሚሰጠው የጥሬ ገንዘብ ድጋፍ ከ12 ወር ወደ 4 ወር ወርዷል። በዚያች ጊዜ ሥራ መፈለግ አለበት፣ የቤት ኪራይ አለ፣ ያ የትኬት ብድርም ተራውን ይጠብቃል። ባለፈው ሳምንት አንድ አባት እዚሁ ቤቴ ቆመው አሜሪካ ከገባ ገና ወር ላልሞላው ልጃቸው ደወሉና «የቆርቆሮውን ነገር አደራ» አሉት። ስልኩ በድምፅ ማጉያ ነበር። ልጁ ብዙ ዝም ካለ በኋላ «እሺ አባዬ» አለ።