ሙቱ ጉዳይ ይኑረው፦ ለልጆች የታሪክ ልቦለድ ለምትጽፉ

አዲስ አበባ፣ ካራ አካባቢ ባለ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ መጻፍ ከሚወዱ ልጆች ጋር እውላለሁ። ወሬው ተሰምቶ ነው መሰለኝ ትልልቆቹም ጽሑፋቸውን ይዘው ይመጡና «ቲቸር፣ እስቲ ይዩልኝ» ይሉኛል። አብዛኛው ከሁለት አንዱ ነው፦ ስልኩን በኪሱ ይዞ አድዋ የሚዘምት ልጅ፣ አለዚያም ነጭ ለብሶ በእኩለ ሌሊት የሚያቃስት መንፈስ። ሁለቱም ከፊልም የመጡ ናቸው፤ ልጆች ገና በመጀመሪያው ገጽ ያውቁባቸዋል። እኔ የምሠራበት መንገድ ይኸውላችሁ።

ከመንፈሱ ልጀምር። የሞተ ሰው ጉዳይ ከሌለው አትመልሱት። ማስፈራራት ጉዳይ አይደለም። በእኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ይለቀስለታል፣ በአርባው ተዝካሩ ይወጣል፣ ሙት ዓመቱ ይታሰባል። ይህ ሁሉ የተደረገለት ሰው ምን ቀርቶበት ይመለሳል? ፍለጋችሁ ይህ ከቀረበት ሰው ይጀምር፤ የአገራችን ታሪክ ደግሞ እንዲህ ዓይነት ሰው አያጣም።

እኔ ደጋግሜ የምመለስበት የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ነው። የጣሊያኑ ገዢ ግራዚያኒ ለድሆች ምጽዋት እሰጣለሁ ብሎ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ሕዝብ ሰበሰበ። ወደ ቀትር ግድም አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩ። ከዚያ ሦስት ቀን ሙሉ ከተማው ተፈጀ፤ ቤቱ ከነሰው ተቃጠለ። ብዙው ሟች አልቃሽም መቃብርም አላገኘም። እንግዲህ ምጽዋት ሊቀበል ከየካ ወርዶ የቀረ አንድ ልጅ ፍጠሩ። ጉዳዩን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልጋችሁም፤ እናቱ እስከ ዛሬ የምትጠብቀው ይመስለዋል።

ሰዓቱንም ከራሳችን ውሰዱ። አያቶቻችን የሚፈሩት ሌሊቱን ብቻ አልነበረም፤ ቀትርንም ይፈሩ ነበር። «በቀትር ወንዝ አትውረድ፣ ይለክፍሃል» እየተባለ ያደገ ሰው ዛሬም በየሰፈሩ አለ። ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም ወፉም ዝም፣ ውሻውም ዝም ይላል። ያ ቦምብ የተወረወረውም በዚሁ ሰዓት መሆኑን ልብ በሉ፤ ልጁ በስድስት ሰዓት ቢመጣ የራሱን ሰዓት ጠብቆ መምጣቱ ነው። ለልጆቼ የማነብላቸው እንዲህ ያለ ቁራጭ ነው፦

ሜሮን ጀሪካኑን ምንጩ ሥር ደግና ቀና ስትል ልጁ ድንጋዩ ላይ ተቀምጧል። እጀ ጠባብ ለብሷል፣ እግሩ ባዶ ነው። ጥላ የለውም ብላ ልትጮህ አፏን ከፈተች፤ ግን ቀትር ነበርና የእሷም ጥላ ከእግሯ ሥር አልወጣም።
«ብር ይሰጣል ብለውኝ ነው የሄድኩት» አላት።
«ማን ነው የሚሰጠው?»
«ጣሊያኑ። እናቴን አይተሻታል?»

አንድም ጩኸት፣ አንድም ደም የለበትም። ጥላው አለ ወይስ የለም የሚለውን አልፈታሁትም፤ አንባቢው ራሱ እግሩን አጎንብሶ እንዲያይ ነው የምፈልገው። ታሪኩም በትምህርት መልክ ሳይሆን በልጁ ጥያቄ ገባ። ሜሮን ማታ አያቷን «አያቴ፣ ጣሊያን ብር ይሰጥ ነበር እንዴ?» ብላ ትጠይቃለች፤ የቀረውን አያቷ ይናገሩ፣ ወይም ለመናገር እምቢ ይበሉ። እምቢታው ይበልጥ ይጠቅማችኋል።

ግድያውን ምን ያህል ላሳይ ለሚል፣ ከአሥራ ሁለት ዓመት በታች ላለ አንባቢ እኔ ከፊቱንና ከኋላውን ብቻ አሳያለሁ። ጠዋት እናቱ ፊቱን በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርገው፣ ማታ ከተማው ላይ የቆመው ጢስ ከየካ ሲታይ። መሀሉን ልጁም አያስታውሰው።

ጋኔን፣ ዛር፣ ቡዳ፣ ጭራቅ እያላችሁ አንድ ድስት ውስጥ አትጨምሩ። የሞተ ሰው ከእነዚህ አንዱም አይደለም፤ ደግሞ ዛር ለብዙ ቤት ተረት አይደለም፣ በቀልድ አይነካም።

የጊዜ ጉዞው ላይ ደግሞ ማሽን አትሥሩ፤ አቆጣጠራችን ራሱ በር አለው። ጳጉሜን በአራት ዓመት አንዴ፣ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ፣ ስድስተኛ ቀን ይኖራታል። በሩ በዚያ ቀን ብቻ ይከፈት። ዓመተ ምሕረቱን ለአራት አካፍሉት፤ ሦስት ከተረፈ ዘመነ ሉቃስ ነው። 1879 ሦስት ይተርፈዋል፤ አዲስ አበባ የተቆረቆረችበት ዓመት ነው። 1887ም ይተርፈዋል፤ በማግስቱ 1888 ይገባል፣ በዚያው መስከረም የምኒልክ የክተት አዋጅ ይታወጃል። 1927ም እንዲሁ፤ ከጳጉሜን 6 በኋላ ገና ወር ሳይሞላ፣ መስከረም 22 ቀን 1928፣ ጣሊያን መረብን ተሻገረ። ይህን ሒሳብ ሰሌዳ ላይ ሳሠራቸው ክፍሉ በሁካታ ይሞላል፤ 2015 ሉቃስ ነበር፣ ቀጣዩ 2019 ነው፣ ስለዚህ ሁሉም ለጳጉሜን ዕቅድ ያወጣል።

ደንቡ ግን ይጥበቅ። ልጁ ጎሕ ሲቀድ ይገባል፣ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሩ ይዘጋል፤ ያመለጠው አራት ዓመት ይጠብቃል። አንድ ቀን ብቻ መሆኑ ከጦር ሜዳ ያድናችኋል። በጳጉሜን 6 ቀን 1887 ጦርነት የለም። ሰው ለእንቁጣጣሽ ቄጠማ ያጭዳል፣ ሴቶች ጠላ ያጠልላሉ፣ ጎረምሶች ይላፋሉ። ከመጪው የካቲት ወር ማን እንደማይመለስ ማንም አያውቅም፤ አድዋን በትምህርት ቤት የተማረው የእኛ ልጅ ግን አድዋ እንደሚመጣ ያውቃል። ችቦ እያሰረ የሚስቅ ጎረምሳ ፊት ቆሞ ምን ይበለው? መጽሐፉ ያለው እዚህ ላይ ነው፣ ገጽ አትቆጥቡ።

ልጁ ታሪክን አይቀይር። ትንሽ ነገር ግን ይቻለው፦ መልእክት ማድረስ፣ የአንድ ሰው ስም ከነአባቱ በደብተሩ ጽፎ መመለስ። ምኒልክንና ጣይቱንም አጠገቡ አስቀምጣችሁ አታጫውቱት፤ ጭፍራው ሲያልፍ ከአጥር ሥር ሆኖ ቢያይ ይበቃዋል።

የበሩ ቦታ ቅርብ ይሁን። ለእኛ ዋሻ ሚካኤል አለልን፤ የካ ተራራ ላይ ከአለት የተፈለፈለ፣ ጣሪያው የወደቀ፣ የአካባቢው ሰው ከአብርሃና አጽብሃ ዘመን ነው የሚለው። በሩን ቤተ መቅደሱ ውስጥ ግን አታድርጉት፤ የሚቀየሙ ወላጆች አሉ፣ ልክም ናቸው። ወደዚያ የሚወስደው ቀጭን መንገድ በቂ ነው። ከከተማው መሀል የምትፈልጉ ስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ ጣሊያን የሠራውን፣ ከነጻነት በኋላ አናቱ ላይ አንበሳ የተቀመጠበትን ደረጃ እዩ። የትም አያደርስም፤ ልጆች ሁልጊዜ «ወዴት ነው የሚሄደው?» ይላሉ። ከኋላው ያለው ሙዚየም ያ ምጽዋት የተሰጠበት ቤተ መንግሥት ነው፤ ለልጆቹ ደረጃውንም ሙዚየሙንም በአንድ ቀን ማሳየት ይቻላል።

ልጁ ከበሩ ሲወጣ ምን ያያል? ከሁሉ በላይ የሚያጋልጠው ባሕር ዛፍ ነው። ዛሬ ከካራም ከእንጦጦም ቀና ስትሉ ባሕር ዛፍ ነው፤ ስለዚህ ጸሐፊው ሁሉ በምኒልክ ዘመን ባሕር ዛፍ ያስሸታል። ዛፉ ከአውስትራሊያ የመጣው ግን በ1880ዎቹ መጨረሻ ግድም፣ ማገዶ ስለጠፋ ነው፤ የማገዶ ችግሩ ዋና ከተማውን ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ወዳለችው አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከማሰብ አድርሶ ነበር። በ1887 የሚገባ ልጅ የሚያየው የተመለጠ ተራራ ነው፤ ጽድና ወይራ በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ይቀሩ ይሆናል። ሰፈሩን የሚያውቀው በተራራው ቅርጽ ብቻ ይሁን። ባቡር አይሳፈር፤ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895፣ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው።

ሰዎቹንም እንዲሁ በዓመታቸው መዝኑ። በ1887 አሥር ዓመት የሞላው ልጅ ክፉ ቀንን ያለፈ ነው። ከብቱ በበሽታ አልቆ፣ በሬ ጠፍቶ፣ ሰው በየመንገዱ የወደቀበት ከ1880 እስከ 1884 ያለው ዘመን ገና አልራቀም። የእኛ ልጅ የተረፈ ዳቦውን ሲጥል ያኛው አንስቶ አራግፎ ይብላ፣ ምንም አይናገር።

ከ1879 በፊት የምትሄዱ ከሆነ ልጁ በመጀመሪያ የሚሰማው ኦሮምኛ ነው። ክፍሌ ውስጥ ቤታቸው ኦሮምኛ የሚናገሩ ልጆች አሉ፤ ከእነሱ አንዱን ዋና ባለታሪክ አድርጉትና ጓደኞቹ በእሱ አፍ ይናገሩ። ያኔ ጀግንነቱ ከሰይፍ ሳይሆን ከማስተርጎም ይመጣል፤ በጣም ይወዱታል።

ሲያልቅ ጮክ ብላችሁ ለልጆች አንብቡ፣ እናንተ አታብራሩ። እስክሪብቶ መፍታት የጀመሩበት ገጽ ይቆረጥ። በመጨረሻ የቱ እውነት የቱ ፈጠራ እንደሆነ ለይታችሁ ጻፉ፦ ሜሮንና የምንጩ ልጅ ፈጠራ ናቸው፤ ምጽዋቱ፣ ቦምቡና ሦስቱ ቀን እውነት ናቸው። ግማሽ ገጽ ይበቃል፤ ከዚያ ከበለጠ ይዘሉታል።